መርፌውን ያነሳችው ልጅ

ወላሂ፣ ከዚህ ታሪክ ውስጥ አንዲት ቃል ከራሴ አልጨመርኩም። ጨምሬ ከሆነ ሮማናት አደባባይ አጠገብ ያለው ፎቶ ቤቴ ነገ ይዘጋ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የመቀሌን ሕዝብ ፎቶ አንስቻለሁ፤ በእኔ መብራት ስር ያልተቀመጠ ሰው ካለ ገና አልተወለደም ማለት ነው። ታሪኩ የእህቴ ልጅ የሩፋይዳ ነው። ራሷ ነግራኛለች፤ ያልነገረችኝን ደግሞ ፊቷን አይቼ ጨርሼዋለሁ። ፊት ማንበብ ሥራዬ ነው።

«ጓለይ፣ መስኮቱን ለምን ትዘጊዋለሽ? በጨለማ ምን ይታያል?» አሉ ኣደ ለተመድህን።

«ለፊልም እንዲህ ነው የሚያምረው፣ ኣደ» አለች ሩፋይዳ፣ መቀርቀሪያውን እየገፋች።

ሩፋይዳ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ ስምንተኛ ክፍል። የቆመችው ሰሜን ክፍለ ከተማ በሚገኘው ትምህርት ቤቷ የዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ነበር። ኣደ ለተመድህን የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ናቸው። ኳሱም፣ ጠመኔውም፣ መጥረጊያውም በእሳቸው እጅ ነው። የጠፋ ዕቃም እሳቸው ጋ ይገባል፤ በተለይ ሹራብ። የትምህርት ቤቱ ሹራብ ሁሉ አረንጓዴ ስለሆነ ከስፖርት በኋላ ሜዳ ላይ ሲከመር የማን እንደሆነ አይለይም። እሳቸው ሰብስበው፣ አጥበው፣ ባለቤቱን አፈላልገው ኮሌታው ውስጥ ስሙን በቀይ ክር ይሰፉበታል። ይህን ያድርጉ ያላቸው የለም። ከዘንቢሉ ሥር ደግሞ ትምህርት ቤቱ በጦርነቱ ተዘግቶ ከከረመ ወዲህ ባለቤቶቻቸው ያልተመለሱ ሰባት ሹራቦች አሉ። እነሱንም ያጥቧቸዋል።

ተማሪው ሁሉ «ኣደ» ይላቸዋል፤ እናት እንደማለት ነው። እሳቸው ደግሞ ሴቷን ተማሪ ሁሉ «ጓለይ» ይላሉ፤ ልጄ እንደማለት።

ያን ቀን ፊልም ሊቀረጹ ነው ብለው ጸጉራቸውን ተሠርተው፣ ነጭ ነጠላ ለብሰው መጥተዋል። ሩፋይዳ ነጠላውን አየችና አንገቷን ነቀነቀች።

«ኣደ፣ ነጩ ካሜራውን ያስቸግረዋል። ያንን ካፖርት ይልበሱት።»

ካፖርቱ ጥቁር ነበር። የጥበቃው ነው፤ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ የከረመ። ኣደ ለተመድህን ነጠላቸውን በጥንቃቄ አጥፈው ካስቀመጡ በኋላ ካፖርቱን ለበሱት። አቧራው አስነጠሳቸው።

«ይማርዎት» አለች ኣርሴማ። ኣርሴማ የሩፋይዳ የክፍል ጓደኛ ናት፤ ስልኩን ይዛ የምትቀርጸው እሷ ነበረች።

አሁን ለምን ይህ ሁሉ እንደሆነ ልንገራችሁ። የፊልም ክበቡን የሚመራው መምህር ተስፋማርያም ይባላል። ሰውዬው በሳምንቱ መጀመሪያ ክፍሉን አጨልሞ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አንድ ተማሪ አምፖሉን ከጎኑ ሲይዝለት መምህሩ ልጁን የሚጠብቅ የደከመ አባት መሰለ። አምፖሉ ከአናቱ ሲሆን ዓይኖቹ ጠፍተው እስረኛ መሰለ። ከአገጩ ስር ሲሆን ግን የፊተኛው ረድፍ ልጆች ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ።

«እኔ ምንም አላደረግኩም። ፊቴን እንኳ አላንቀሳቀስኩም» አለ። «መብራቱ ነው የተናገረው።»

ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ሻንጣ አስቀመጠ፤ መንገደኛ ሆነ። ሻንጣውን አንስቶ አለንጋ አስቀመጠ፤ ገራፊ ሆነ። በመጨረሻም አለንጋው እዚያው እንዳለ ከስልኩ የሕጻን ሳቅ ከፈተ። አለንጋው በአንዴ መጫወቻ ሆነ። ሩፋይዳ ያኔ አንድ ነገር ገባት። ዝም ብሎ የተቀመጠን ሰው ሌላ ሰው ማድረግ ይቻላል፤ እሷም ልትችል ነው።

«የቤት ሥራችሁ ሦስት ደቂቃ ነው» አለ መምህሩ። «ሁላችንም የምናውቀውን ሰው ሥራው ላይ እያለ ቅረጹ። በብርሃን፣ በዕቃና በድምፅ እንደ አዲስ አሳዩን። ለሰውየው ግን ምን እንደምትሠሩ ንገሩት። ሳይነግሩ መቅረጽ ስርቆት ነው።»

ሩፋይዳ በቀጥታ የመጣችው እኔ ጋ ነው። ወዴት ትሂድ? ስለ ብርሃን ከአላማጣ እስከ ዛላንበሳ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። «ከታች አድርጊው» አልኳት። «ከታች የበራ መልአክ ሌባ ይመስላል።» መዳፍ የምታክል መብራትም አዋስኳት፤ ፀሐይን የምታሳፍር።

እናም እዚያ ግምጃ ቤት ውስጥ መብራቷን ጠረጴዛው ስር፣ ከኣደ ለተመድህን ጉልበት አጠገብ አስቀመጠቻት። የሴትየዋ አፍንጫ ግድግዳው ላይ ክንድ የሚያህል ጥላ ጣለ። ዓይኖቻቸው ጉድጓድ ሆኑ።

«ሥራዬን ልሥራ?» አሉ።

«አዎ፣ ኣደ። ልክ እንደ ሁልጊዜው።»

ኣደ ለተመድህን አንዲት ትንሽ ሹራብ አንስተው ኮሌታዋን ገለበጡ። መርፌያቸውን አንስተው መስፋት ሲጀምሩ ሳያውቁት ያንጎራጉራሉ፤ መዝሙር ነው። ጠረጴዛው ላይ የክር ሳጥናቸውና መቀሳቸው አለ። ሩፋይዳ በስልኩ አየችውና ፊቷ ተኮሳተረ። መብራቱ የሚያስፈራ ነው፣ ካፖርቱም የሚያስፈራ ነው፤ ያቺ መርፌ ግን ነገሩን ሁሉ ታበላሸዋለች። መርፌ የያዘች ሴት እንዴት ብላ ታስፈራለች?

«ኣደ፣ መርፌዋ በካሜራ አትታይም። ላንሳት?»

«ያለ መርፌ ምኑን ልሥራው?»

«መቀሱን ብቻ ይያዙና ኮሌታውን ይዩት።»

መርፌዋን ከጣታቸው ተቀበለቻት። የክር ሳጥኑንም አንስታ ከኋላዋ መሬት ላይ አኖረችው። ኣርሴማ በክርኗ ነካ አደረገቻት።

«ሩፊ፣ ይሄ እኮ ሌላ ነገር ነው የሚመስለው። የተሰፋ ስም በመቀስ የሚፈቱ ነው የሚመስሉት።»

«ይምሰላ። ፊልም አይደል?»

«ነግረሻቸዋል?»

«ስለ ሥራዎ ነው ብያቸዋለሁ። ስለ ሥራቸው አይደል እንዴ? አታካብጂ አቦ።»

ኣርሴማ ስልኩን አነሳችና ቀረጸች።

ድምፁን ሩፋይዳ ብቻዋን ሠራችው። መዝሙሩን ሙልጭ አድርጋ አጠፋችው። በምትኩ የቁልፍ ጥቅል አንኳኩታ ቀዳችና ፍጥነቱን ቀነሰችው፤ እያንዳንዱ ቁልፍ የእስር ቤት በር የሚከፍት መሰለ። መዳፏን አፏ ላይ ደፍታ ትንፋሽ ቀዳች። የመቀሱ ድምፅ ቀጭን ሆኖ አልጥም ሲላት የበር መቀርቀሪያ በኃይል ዘግታ እሱን ከመቀሱ ጋር ገጠመችው። ከዚያ ከመጀመሪያው አየችው። ጥቁር ካፖርት የለበሰች ሴት በጨለማ ቁጭ ብላ የሕጻናት ሹራብ ታገላብጣለች፤ በመቀስ ስም ታጠፋለች። «ሹራቤ የት ገባ» የሚል ርዕስ ሰጠችው። ራሷ ወደደችው፤ ይህን አልደብቅም። ለእኔ አሳየችኝ፤ እኔም ወደድኩት። አሥራ አንድ ጊዜ ነው ያየሁት። ያየ ደንበኛ ሁሉ ደርቆ ቀረ። አንዱማ የመጣበትን ጉርድ ፎቶ ረስቶ ሄደ።

ፊልሙ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ውስጥ ታየ። መስኮቶቹ በአቡጀዲ ተሸፍነዋል። መምህር ተስፋማርያም የተቀረጹት ሰዎች ፊት ለፊት ይቀመጡ ብሎ ወንበር አስመጥቷል። ጥበቃው፣ አትክልተኛውና የቤተ መጻሕፍቷ ሠራተኛ መጥተዋል። ኣደ ለተመድህን ነጩን ነጠላቸውን ለብሰው መሐል ላይ ተቀመጡ። ሩፋይዳ ከግድግዳው ጋር ቆማ ነበር፤ ከዚያ ፊታቸው በጎን ይታያታል።

የቁልፉ ድምፅ ሲጀምር ሁሉም ወደ ስክሪኑ ዞረ። ፊታቸው ከጨለማው ሲወጣ አንዲት ትንሽ ልጅ ጮኸች። መቀሱ ሲዘጋ ደግሞ ከኋላ የሆነ ልጅ «ሌባ» ብሎ ተጣራ፤ ሁሉም ሳቀ። ሩፋይዳም ልትስቅ አፏን ከፈተች። ከዚያ ኣደ ለተመድህንን አየቻቸው።

ፊታቸውን ወደ ስክሪኑ ቀና አድርገው የገዛ እጃቸውን ይፈልጉ ነበር። መርፌዋ የት እንደሄደች የሚፈልግ ሰው ነው የሚመስሉት። ጣቶቻቸው ጭናቸው ላይ መስፋት ጀምረው ቆሙ። ፊልሙ ሲያልቅ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ እሳቸው ግራና ቀኛቸውን አይተው፣ ሁሉም እንደሚያጨበጭብ ካረጋገጡ በኋላ፣ እሳቸውም አጨበጨቡ። ቀስ ብለው።

ሲወጡ በሩፋይዳ አጠገብ አለፉ።

«ጎበዝ፣ ጓለይ። ደክመሻል» አሏት።

ቢቆጧት ኖሮ መልስ ነበራት።

መምህር ተስፋማርያም መጥቶ ትከሻዋን ያዛት። «ብርሃኑን፣ ዕቃውን፣ ድምፁን፣ ሦስቱንም አውቀሽበታል። አንድ ነገር ብቻ፤ ከመታየቱ በፊት አሳይተሻቸዋል አይደል?»

«አዎ» አለች።

የመጀመሪያው ውሸት ይህ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ሳህኗን ሳትጨርስ ተነሳች። እናቷ «ምን ሆነሽ ነው የማትበይው?» ስትላት ፈተና ደርሶ ነው አለች፤ ይህ ሁለተኛው ውሸት መሆኑ ነው።

ሰኞ ጠዋት ኣደ ለተመድህን በሜዳው ሲያልፉ ሁለት የሰባተኛ ክፍል ልጆች የቤታቸውን ቁልፍ እያንኳኩ ቀስ ብለው ከኋላቸው ተከተሏቸው። ማክሰኞ አሥር ልጆች ሆኑ። ረቡዕ አንዲት የአንደኛ ክፍል ልጅ ሹራቧን ሊሰጧት ሲጠሯት እያለቀሰች ሮጠች። በዚያው ቀን አንድ አባት መጥቶ «የልጄን ሹራብ የወሰደችው ሴት የታለች?» ብሎ ርዕሰ መምህሩን ጠየቀ። ፊልም እንደሆነ ነገሩት። «ፊልም ቢሆንም እኮ ያለ ምክንያት አይሠራም» ብሎ ሄደ።

ሐሙስ ሩፋይዳ የግምጃ ቤቱን በር ተዘግቶ አገኘችው። የሹራቡ ዘንቢል የርዕሰ መምህሩ ቢሮ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል፤ የፈለገ መጥቶ ይውሰድ እንደማለት። የላይኛዋን ሹራብ አንስታ ኮሌታዋን ገለበጠች። «ሥር» የሚል በቀይ ክር ተሰፍቷል፤ ከዚያ ክሩ ተቋርጧል። ሥርጉት የምትባል የሁለተኛ ክፍል ልጅ አለች። የስሟ ግማሽ ነው የተሰፋው።

ሩፋይዳ ሹራቧን ወደ ዘንቢሉ መለሰቻት። ከዚያ ሰው አይቷት እንደሆነ ዞር ብላ አየች። ለዚያም አፈረች።

«አንቺ አይደለሽም የሳቅሽው፤ እነሱ ናቸው» አለቻት ኣርሴማ፣ ልታጽናናት።

«እንዲስቁ ያደረግኩት እኔ ነኛ።»

«እና ንገሪያቸዋ።»

«ምን ብዬ? ሌባ እንዲመስሉ የፈለግኩት እኔ ነኝ ብዬ?»

«አዎ። እንደሱ ብለሽ።»

በዚያው ከሰዓት በኋላ እኔ ጋ መጣች። ሁሉንም ነገረችኝ፤ ስለ ካፖርቱ፣ ስለ መርፌዋ፣ ስለ መዝሙሩ። እኔም ሥራዬን ዘግቼ ሁለት ሰዓት ሙሉ መከርኳት፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው እንደዚያ አይመክሩም። ሂጂና ፊት ለፊት ንገሪያቸው አልኳት። መብራቱን ከታች አድርጊ ያልኳት እኔ እንደሆንኩ አላነሳችብኝም። እኔም አላነሳሁትም።

በማግስቱ ዓርብ፣ በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ፣ ያ ታላቅ ነገር ሆነ። ሦስት ሺህ ተማሪ ተሰልፏል። ሩፋይዳ ከሰልፏ ወጣች፤ ደረጃውን ወጥታ ማይኩን ከርዕሰ መምህሩ እጅ ተቀበለች። መጀመሪያ በትግርኛ፣ ቀጥላ በአማርኛ፣ ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ ተናገረች። «ኣደ ለተመድህን ስም አያጠፉም፤ ስም ይሰፋሉ። ስማቸውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለች። ከሦስት ሺህ ተማሪ አንድም ዓይን ደረቅ አልነበረም። ቁልፍ ያንኳኩ ልጆች ቁልፋቸውን መሬት ላይ ጣሉ። ኣደ ለተመድህን እየሮጡ መጥተው አቀፏት፤ ርዕሰ መምህሩ መነጽሩን አወለቀ። እኔ በአጥሩ በኩል ቆሜ በዓይኔ በብሌኑ አይቻለሁ።

ይህን ታሪክ ለስንት ሰው እንደነገርኩት ቁጥሩ ጠፍቶኛል። መጨረሻ የነገርኩት ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ነው። ገዛኢ የሚባል ባለ ባጃጅ ለመንጃ ፈቃድ ፎቶ ተነስቶ እስኪታተምለት ይጠብቃል። ነጠላ የለበሱ አንዲት ሴት ደግሞ በሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ሩፋይዳ ያን ሳምንት የትምህርት ፈረቃዋ ከሰዓት ስለነበረ ከባንኮኒው ኋላ ጉርድ ፎቶ ትቆርጥልኛለች።

ሰንደቅ ዓላማው ጋ ስደርስ «አጎቴ፣ ተው» አለችኝ።

«ትሕትናዋን አያችሁ?» አልኩት ገዛኢን። እስከ መጨረሻው ነገርኩት፤ መነጽሩንም፣ ቁልፎቹንም።

«ወይ ጉድ» አለ ገዛኢ። «ሦስት ሺህ ሰው ፊት? እኔ ብሆን አገር ጥዬ ነበር የምሄደው።»

«ሩፋይዳ፣ እውነት አይደለም?» አልኳት።

መቁረጫዋን ይዛ ባንኮኒው ላይ አቀርቅራለች።

«ያን ዓርብ ሰልፉ ላይ ነበርኩ» አሉ በሩ አጠገብ የተቀመጡት ሴት። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ሰዓት የሚጠይቅ ሰው ድምፅ። «ማይክ የያዘ ልጅ የለም። እኔ ጋም የመጣ የለም። እስካሁን ማንም አልመጣም።»

«እርስዎ ማን ኖት?» አልኳቸው።

«ለተመድህን እባላለሁ።»

አየኋቸው። ከመስኮቱ የሚገባው የረፋድ ብርሃን በግማሽ ፊታቸው ላይ አርፏል። ከዓይናቸው ሥር የሳቅ ሽብሽብ አለ፤ አፍንጫቸው ትንሽ ናት። አሥራ አንድ ጊዜ ያየሁት ፊት ነው፤ እኔ፣ ፊት የማነበው ሰውዬ፣ እግሬ ስር ተቀምጠው አላወቅኳቸውም።

ወደ ሩፋይዳ ዞርኩ። «ነግሬያቸዋለሁ ብለሽኝ አልነበር?»

«'ሄጄ ነበር' ነው ያልኩህ» አለች። «በሩ ድረስ ሄጄ ነበር። አላንኳኳሁም። አንተ ከዚያ በኋላ አልጠየቅከኝም።»

እውነቷን ነው። የቀረውን ሁሉ፣ ሰልፉንም፣ ማይኩንም፣ እንባውንም፣ እኔ ነኝ የሠራሁት። አጥሩ ጋም አልነበርኩም። ያን ዓርብ ሱቄ ውስጥ ነበርኩ። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ።

«ግድ የለም» አሉ ኣደ ለተመድህን። «ፎቶዬን ብቻ አንሳኝ፣ ወንድሜ። ሥራ ቦታ ልቀይር ማመልከቻ ላይ የሚለጠፍ ነው።»

ገዛኢ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ሩፋይዳ መቁረጫዋን አስቀመጠች። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፤ ባንኮኒውን ዞራ ወጣችና ከአግዳሚው አንድ እርምጃ ርቃ ቆመች። ፊቷ ቲማቲም መስሏል።

«ኣደ» አለች። «ትንሽ ልቀመጥ?»

ሴትየዋ ነጠላቸውን ወደራሳቸው ሰበሰቡ፤ አግዳሚው ላይ ቦታ ተገኘ።

ሩፋይዳ ከመቀመጧ በፊት ዞር ብላ አየችኝ። «አጎቴ፣ አንተ ውጭ ቆይልን።»

በገዛ ሱቄ። ለአንድ አፍታ የምመልሰው መጣልኝ፤ ከዚያ ዋጥኩት። ገዛኢን በክንዱ ይዤ ወጣሁና በሩን ከኋላዬ ገጠምኩት። ደረጃው ላይ ቆምን። ባጃጆቹ አደባባዩን ይዞራሉ፤ አንድ የታክሲ ረዳት «ሓወልቲ፣ ሓወልቲ» እያለ ተሳፋሪ ይጣራል። ብዙ ቆየን።

ገዛኢ ወደ በሩ ጠጋ አለና «ምን እያሉ ነው?» አለኝ።

«አልሰማሁም» አልኩት።